ከገዛ ሚስቴ ጋር በድብቅ ስለመገናኘቴ የቀረበ ማመልከቻ

ይድረስ ለክቡር አቶ ቻላቸው
የጋብቻና የቤተሰብ አማካሪዎች ሙያ ብቃት ማረጋገጫ ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የክረምቱ ብርድ፣ የመንገዱ ጭቃና የስብሰባው ብዛት እንዳላደከመዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ይልቁንም ሆድዎ እንደምን እንደ ሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህን የምጠይቅበት ምክንያት አለኝና ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል፤ አይቸኩሉ። እኔ ከጀርባዬ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የጀርባዬም ነገር በተራው ይመጣል።

ስሜ መምህር እንየው ይባላል። በወይራ ምንጭ ቀበሌ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ማንአለሽ በዚያው ቀበሌ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። በእርስዎ ዴስክ ግን ሁለታችንም በስማችን እንደማንጠራና "የልምምድ ጥንዶች" እንደምንባል አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግሁት፣ ከዚህ በፊት ለእርስዎ ብቻ የጻፍኋቸው ሁሉ "ከፋይሉ ጋር ይያያዝ" እየተባሉ ስለ ቀሩ ነው። እኔ ከሚስቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር ባልቻልሁበት ወራት የእኔ ማመልከቻዎች እንደዚያ ተቃቅፈው በአንድ መሳቢያ ማደራቸው፣ እውነቱን ለመናገር አስቀንቶኛል።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ምስጋና ላቅርብ። የሙያ ብቃት ማረጋገጫን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ማንአለሽ ፈቃድ ሳይኖራት አንዲት እናት ብትነካ ኖሮ የመጀመሪያው ከሳሽ እኔ እሆን ነበር። በዚህ አገር ፊቷ ያበጠን ሴት "ቻይው፣ ባል እኮ ነው" ብለው ወደ መጣችበት የመለሱ ሽማግሌዎች እንደ ነበሩም አውቃለሁ፤ የዴስክዎ አዲስ መመሪያ ለእነሱ ወጥቶ ከሆነ የጻፈው እጅ ይባረክ። የሰው ትዳር እንደ ሰው ሆድ በማንም እጅ አይነካም የሚለውን መግቢያውን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። መግቢያውን አንብቤ ብተወው ኖሮ ዛሬም በምስጋና ብቻ እጽፍልዎት ነበር።

እርስዎ የከተማ ሰው ስለሆኑ የእኛን ወግ በጥቂቱ ላስረዳ። ከጋይንት እስከ ስማዳ፣ ከስማዳ እስከ እስቴ፣ ተቀይማ አባቷ ቤት የገባች ሚስት በራሷ እግር ብቻዋን አትመለስም። ባልም ሄዶ አያመጣትም። ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ ይቆማሉ፤ አማት ለወጉ ያህል ይኮራሉ፤ ሽማግሌዎቹም ለወጉ ያህል ይለምናሉ፤ ባል ይወቀሳል፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ፊት፣ እሷ ኋላ ኋላ እየሆነች ቤቷ ድረስ ያደርሷታል። ብቻዋን ብትመለስ ግን "የሚለምናት ያጣች" ትባላለች፤ የአባቷም ስም አብሮ ይወድቃል። እኛ ይህን ወግ በመመሪያ አላወጣነውም፤ ስለዚህም በመመሪያ ለመሰረዝ ያስቸግራል።

አንደኛ። ማንአለሽ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ተቀይማኝ አባቷ አቶ ባዩ ቤት ገባች። ያስቀየምኋት አውራ ዶሮዋን እሷ በሌለችበት ለእንግዳ አርጄ ነው። የእንግዳውን ማንነት ለጊዜው ልዝለለውና፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ብቻ ይያዝልኝ። እንደ ወጉም መሪጌታ ገብረ መድኅንን ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ለመንሁ። መሪጌታ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገብተው ድጓ የተማሩ፣ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ፣ እንኳን ባልና ሚስት ድመትና አይጥ ያስታርቃሉ የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ይህን የሚሉት በአብዛኛው እሳቸው ራሳቸው ቢሆኑም፣ የሚያስተባብል አልተገኘም።

መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው አማቼ ደጅ ሲደርሱ አንድ የቀበሌ ሚሊሻ መመሪያዎን ይዞ ቆሞ አገኙ። "የብቃት ማረጋገጫ አለዎት ወይ?" ቢላቸው "የምኑ?" አሉት። "የማስታረቁ።" መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ መጡበት ዞሩ። አማቼም ለወጉ ያህል ሊኮሩ አዲስ ኩታቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ተሰይመው ነበርና፣ የሚኮሩበት ሰው ከደጅ ሲመለስ አይተው ተናደው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቴ ሽማግሌ የሌላት፣ እኔም ሚስት የሌለኝ ሆንን።

መመሪያውን አስፈልጌ አነበብሁት። አመልካቹ የትምህርት ማስረጃ ያቀርባል፤ ይሠለጥናል፤ በክትትል ሥር የተግባር ልምምድ ሰዓት ይሞላል፤ ይፈተናል፤ ሁለት ጆሮውን የሚያሳይ ጉርድ ፎቶግራፍም ያስገባል። የጆሮው ነገር አማካሪ መስማት መቻሉን ለማረጋገጥ የተደረገ ጥበብ ይሆናል ብዬ አደንቄዋለሁ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን አመልካቹ ከዚህ ቀደም ካስታረቃቸው ባለትዳሮች የምስክር ቃል ያምጣ የሚለው ነው። ያለ ፈቃድ ያስታረቀ ሰው ይቀጣል የሚለው ደግሞ እዚያው ከሥሩ ተጽፏል። መሪጌታ ምስክሮቻቸውን አሰልፈው ቢመጡ የሚቀበሏቸው እርስዎ ይሁኑ ፖሊስ እስካሁን አልተገለጸልንም።

ሁለተኛ። መሪጌታ ሊሠለጥኑ ተመዘገቡ። ለጾታ ተዋጽኦም ጎረቤቴ እትዬ ካሣነሽ ተጨመሩ። እትዬ ካሣነሽ ጠላ የሚሸጡ፣ በቀበሌው የሚሆነውን ሁሉ ከሚሆንበት ሰው ቀድመው የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ የምዝገባውንም ነገር ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ነው የሰሙት። ቀጥሎ የመጣው ችግር የልምምድ ሰዓቱ ነበር። ልምምዱ የሚሞላው በሕይወት ባሉና በእውነት በተጣሉ ባልና ሚስት ላይ ነው ተባለ። ጊዜው ደግሞ ሰኔ ነው። በሰኔ የእኛ አገር ባልና ሚስት ገብሱን ይዘራል እንጂ ለጠብ ጊዜ የለውም፤ የእኛ ጠብ የሚደርሰው ከአውድማ በኋላ፣ እህሉ ጎተራ ሲገባ ነው። ቀበሌው ቢታሰስ እንደ ደንቡ ተጣልተው የተገኙት እኔና ማንአለሽ ብቻ ሆንን። ጥሪው ሲደርሰኝ በደስታ ዘለልሁ። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ሽማግሌ ተገኘ ብዬ ነበርና።

የመጀመሪያውን ቀን ያስታውሱታል። በቀበሌው አዳራሽ እርስዎ ከወንበሩ መሃል፣ መሪጌታ ባጃቸውን በመስቀላቸው ላይ ደርበው፣ እትዬ ካሣነሽም አዲስ ነጠላ ለብሰው ተቀመጡ። መሪጌታ በተማሩት መሠረት ማንአለሽን "ቅያሜሽን ከአሥር ስንት ትሰጭዋለሽ?" ብለው ጠየቋት። "ዘጠኝ" ስትላቸው ጥሩ ውጤት መስሏቸው "ጎበዝ!" ብለው አጨበጨቡላት። ቀጥለው አማካሪ የሰማውን መልሶ ያስተጋባል የሚለውን ትምህርት ሥራ ላይ አዋሉት። ማንአለሽ "ዶሮዬን አረደብኝ" ስትል መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው "ዶሮዬን አረደብኝ ትላለች" ብለው በረጅም ዜማ መለሱላት። ድምፃቸው ያማረ ስለ ነበር ደጅ የቆሙ ሰዎች የሙት ዓመት ያለ መስሏቸው ገብተው ተቀመጡ።

ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ ተባልን። እትዬ ካሣነሽ እኔን ሆነው ሲናገሩ፣ እንዲህ ካለ ባል ጋር ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ኖረች ብዬ ለሚስቴ አዘንሁ። እኔም በተራዬ ማንአለሽን ሆኜ እንድናገር ታዘዝሁ። መጀመሪያ ሣቄ መጣ። ነገር ግን በእሷ ወንበር ተቀምጬ፣ የአንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ውላ አድራ ደክሟት ስትመለስ ከአጥሩ በር ላይ የሚቀበላት ያ ዶሮ ብቻ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ነኝ ወይም ተኝቻለሁ። ይህንኑ እንዳለ ተናገርሁት። ማንአለሽ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሣቀችም አለቀሰችም፤ "ይኸው ገባህ?" አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ዘዴዎ ሠርቷል! ሌላውን ሁሉ ብክድ ይህን አልክድም። በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ እንደ ሰም ቀልጠን ታረቅን።

ይህን ጊዜ ይደሰታሉ ብዬ ፊትዎን አየሁ። እርስዎ ግን መመሪያውን ማገላበጥ ጀምረው ነበር። ዛሬ ከታረቅን ፋይላችን እንደሚዘጋ፣ ፋይላችን ከተዘጋ ሠልጣኞቹ ሰዓታቸውን የሚሞሉበት እንደሚያጡ፣ ሠልጣኝ ከሌለ ደግሞ ወረዳው በሙሉ አማካሪ አልባ እንደሚቀር በትሕትና አስረዱን። "ለወገን ሲባል ትንሽ ተኮራርፋችሁ ቆዩልን" አሉን። በልምምድ ላይ ያሉ ጥንዶች ከአዳራሹ ውጭ እንዳይገናኙ የሚለውንም አንቀጽ አነበቡልን። ማንአለሽ አባቷ ቤት፣ እኔም ባዶ ቤቴ ተመለስን። እንደዚያ ቀን ተፋቅረን አናውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ተለያይተን አናውቅም።

ሦስተኛ። ይህ ቅሬታ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

ከገዛ ሚስቴ ጋር ለመገናኘት የሄድሁበትን መንገድ ለጠላቴም አልመኝም። በመጀመሪያ ታማሚ ሆኜ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ማንአለሽ ግን አዋላጅ ስለሆነች በእሷ በር ላይ የሚሰለፉት እርጉዞች ብቻ ናቸው። ሁለት ሳምንት ከእነሱ ጋር ተሰልፌያለሁ። አንዷ እናት አዝና ቦታዋን ለቀቀችልኝ፤ ሌላዋ "ስንት ወርህ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ከሚስቴ የተለየሁበትን ቆጥሬ ነገርኋት። በኋላ ዘበኛው ዓይኑን ስለ ጣለብኝ ያን መንገድ ተውሁት።

ከዚያ ወገዳ ገበያ ወርጄ ሰማያዊ ጃንጥላ ገዛሁ። ጋቢዬን እስከ ቅንድቤ ተከናንቤ፣ ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ፣ ከባሕር ዛፉ ጥግ ሳገኛት እንደ ኮረዳና ጎረምሳ ልባችን ይመታ ነበር። ክረምቱም እንደሚያውቁት ዘንድሮ በረታ። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር። የካርታ ክፍሉ ቁልፍ ደግሞ የጂኦግራፊ መምህር በመሆኔ በእኔ እጅ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት መጻፍ ነውር ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃ።

እትዬ ካሣነሽ ግን ጃንጥላውን አዩት። ከጃንጥላው ሥር ማንአለሽን አዩ፤ ከማንአለሽ ጎን የወንድ እግር አዩ። በሚቀጥለው የልምምድ ቀን መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሥተው መጥተው ትከሻዬን ያዙኝና "ልጄ እንየው፣ ጽና። ሰውየው ማን እንደ ሁነ ገና አልታወቀም፤ ብቻ ጃንጥላ አለው" አሉኝ። ምን ማድረግ ይገባኝ ነበር? እኔ ነኝ ብል አንቀጽ መጣሴ ነው፤ ዝም ብል ሚስቴ ልትዋረድ ነው። ፊቴን በእጄ ሸፈንሁ። ሣቅ እንደ ሆነ እንዳይታወቅብኝ ትከሻዬ ሲርገፈገፍ እትዬ ካሣነሽ ሲያለቅስ ነው ብለው አብረውኝ አለቀሱ። እርስዎም ጉዳዩ አሁን "ውስብስብ" ተብሎ ከፍ ያለ ሰዓት እንደሚያዝለት ለሠልጣኞቹ አብሥረው አጨበጨቡላቸው።

ወሬው አማቼ ዘንድ ደረሰ። አቶ ባዩ ሽመላቸውን ይዘው ከባሕር ዛፉ ሥር አደፈጡ። የመጀመሪያው ምት ጃንጥላው ላይ አርፎ አንድ ዘንጉን ሰበረው። ሁለተኛው ጀርባዬ ላይ አረፈ። ሦስተኛው ያረፈበትን አላውቅም፤ እኔ በዚያ ሰዓት ጃንጥላውን ጥዬ ወንዝ ተሻግሬ ነበር። አማቼ ጃንጥላውን አንሥተው፣ ባለቤቱ እስኪገኝ ብለው ከሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

በነጋታው አቶ ባዩ እኔው ቤት መጡ። እሳቸውን የሚያህል ኩሩ ሰው ጎንበስ ብሎ "ልጄ አዋረደችህ፤ እኔን ማረኝ" አለኝ። አይዞህ እያሉም ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። እያንዳንዷ መታ መታ የት እንዳረፈች እኔ አውቃለሁ። እንባዬ ዱብ ሲል አይተው "አይ የልጅ ደግነት!" ብለው አብዝተው መታ መታ አደረጉኝ።

አራተኛ። እዚህ ላይ ቀልዴን ልግታ።

ማንአለሽ ፀንሳለች። በመስከረም ራሷን መርምራ፣ ራሷ አረጋግጣ ነገረችኝ። ልጅ ስንመኝ ኖረናል፤ እሷ የሰውን ልጅ ስትቀበል ውላ እጇን ታጥባ ባዶ ቤት ስትገባ ብዙ ዓመት አይቻለሁ። በዚያች ቀን መደሰት ሲገባን ከካርታው ክፍል ወለል ላይ ተቀምጠን ተላቀስን። ተጣልታ አባቷ ቤት ያለች ሴት ብታረግዝ አገር የሚለውን እርስዎም ያውቁታል። ነገሩ ከእትዬ ካሣነሽ አላመለጠምና የጃንጥላው ሰው ልጅ ነው ተባለ። ጤና ጣቢያ ስትገባ እናቶቹ ይንሾካሾካሉ፤ አባቷም ከእሷ ጋር ማዕድ መቅረብ ተዉ። ሆዷ ገፍቶ ሳይታይ ሽማግሌ ወደ ቤቷ ካልመለሳት፣ ልጃችን ገና ሳይወለድ አባቱን ሊነጠቅ ነው።

ቢሮዎ መጥቼ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "የጃንጥላው ሰው እኔ ነኝ" ብዬ ተናዘዝሁ። እርስዎ የተናገሩትን ግን አልረሳውም። በመዝገብ እስካልታረቅን ድረስ ተገናኝተናል ማለት እንደማይቻል፣ ተገናኝተናል ከተባለ ደግሞ የሠልጣኞቹ ሰዓት በሙሉ እንደሚሰረዝ፣ ስለዚህ ልምምዱ እስኪያልቅ ጽንሱ በትዕግሥት ቢጠብቅ መልካም እንደሆነ ነገሩኝ። ይህን መልእክት ለማንአለሽ አደረስሁላት። በሙያዋ ብዙ ጽንስ እንዳየች፣ ደብዳቤ የሚጠብቅ ግን እስካሁን እንዳልገጠማት እንድነግርዎት አዝዛኛለች።

አምስተኛ፤ አጭር ነው። በበዓለ ሃምሳ ቤቴ የመጣው እንግዳ እርስዎ ነዎት። ይህንኑ መመሪያ ለሕዝብ ሊያስተዋውቁ የመጡ ዕለት ምሳ የሚያበላዎት ጠፍቶ እኔ ቤት ተመሩ። ማንአለሽ ተረኛ ነበረች፤ ጓሮ ለእንግዳ የሚሆን አውራ ዶሮ ያ ብቻ ነበር፤ እትዬ ካሣነሽም ወጡን ሠሩት። ዶሮው ስሙ ዳኛው ይባል ነበር። ይህን ስም ማንአለሽ ያወጣችለት ሴት ዶሮዎቹ ሲናከሱ መሃላቸው ገብቶ እየገላገለ ስለሚያስታርቃቸው ነው፤ ያለ ሥልጠናና ያለ ፎቶግራፍ። ፈረሰኛውን እርስዎ በሉ። መልካም ዶሮ እንደ ነበር በራስዎ አንደበት መስክረዋል። እኔ አርጃለሁና ወቀሳዬን ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ያለ ፈቃድ በማስታረቅ ሥራ ተሰማርቶ የተገኘው የመጀመሪያው ሽማግሌ በምን ዓይነት ቅጣት እንደ ተቀጣ በመመሪያው ላይ ቢጠቀስ ለሌላው ትምህርት ይሆናል።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወደ ማመልከቻነት ልመልሰው። የማመለክተው ግን እንዲፈቀድልን አይደለም፤ የሆነውን ላሳውቅዎት ነው።

ባለፈው እሑድ ማኅሌተ ጽጌ አድሮ ቅዳሴው ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በጠራ ፀሐይ ቆሞ ይሳሳም ነበር። እኔ ከወንዶቹ ጋር፣ አቶ ባዩም ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበርን። ማንአለሽ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። በእጇ ከአባቷ ግድግዳ ላይ ያወረደችውን ሰማያዊ ጃንጥላ ይዛለች። ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር ዘረጋችው፤ የተሰበረው ዘንግ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ሰዉ መንገድ ሲለቅላት ቀጥ ብላ መጣችና ጃንጥላውን ከእኔ ራስ በላይ ያዘችው። "የጃንጥላው ጌታ ይኸውላችሁ" አለች። "የልጄም አባት እሱ ነው። እኔ ለማዋለድ ፈቃድ አለኝ፤ ቤቴ ለመግባት ግን ፈቃድ የምጠይቀው የለም።"

እጄን ይዛ መንገድ ጀመረች። መሪጌታ ሌሊቱን ሲዘምሙ አድረው ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ነገሩ በገባቸው ጊዜ ባጃቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና ወጉ እንዲሞላ፣ ሽማግሌ እንዲቀድም፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሊያልፉን ሮጡ። ማንአለሽ ግን ምጥ የተያዘች እናት ስትጠራት የለመደችው እርምጃ አላትና አልደረሱባትም። ሚስት ሽማግሌ ተከትላ ትሄድበት በነበረው መንገድ ሽማግሌ ሚስት ተከትሎ ሄደ። ከኋላቸው እትዬ ካሣነሽ "እኔ እኮ እግሩን ሳየው ጠርጥሬ ነበር!" እያሉ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ምእመኑ በሙሉ መጣ። ስለዚህ ማንአለሽ ብቻዋን ተመለሰች የሚል ሰው አልተገኘም።

ከአጥሬ በር ላይ ስንደርስ አቶ ባዩ በሰዉ መሃል አልፈው መጡ። የጃንጥላውን ስብራት አዩ፤ ሽመላቸውን አዩ፤ እኔን አዩ። ልጃቸውንም ግንባሯን ሳሟት፤ ለብዙ ጊዜ አልለቀቋትም። ሁላችንም ይረግማሉ ወይ ይመርቃሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ጀርባህሳ?" አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ሥልጠና በመመሪያዎ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ተሽሎኛል አልኋቸው፤ በእውነትም በዚያች ደቂቃ ተሽሎኝ ነበር።

ስለዚህ ፋይላችንን በክብር እንዲዘጉልን፣ ውስጡ ተቃቅፈው ያደሩትን ማመልከቻዎቼንም በሰላም እንዲያሰናብቱልኝ እየለመንሁ፣ ስላጸኑት ጠባችን፣ ስላራዘሙት ናፍቆታችን፣ ሳያውቁም ስለሰጡን የጫጉላ ክረምት ምስጋናዬ ከእግርዎ ሥር ይደርስ ዘንድ አሳስባለሁ።

ከገዛ ሚስቱ ጋር እጅ ከፍንጅ የተያዘው፣
የቀድሞው የልምምድ ጥንድ ግማሽ፣
የሰማያዊ ጃንጥላ ባለቤት፣
መምህር እንየው
ከወይራ ምንጭ

ማሳሰቢያ፦ ፋይላችን በመዘጋቱ የመሪጌታና የእትዬ ካሣነሽ ልምምድ ከመንገድ ቀርቷል፤ በቀበሌው ሌላ የተጣላ ባልና ሚስት የለም። መሪጌታ ፈተናው ሳይደርስ ባጃቸው እንዳያረጅባቸው ሌሊት እንቅልፍ አጥተዋል። ስለዚህ እርስዎ ከተከበሩት ባለቤትዎ ጋር ለወገን ሲባል ጥቂት ወራት ተኮራርፈው ቢቆዩልን፣ እሳቸውም ወላጆቻቸው ቤት ቢገቡልን፣ ሁለቱ ሠልጣኞች በክትትል ሥር ሊያስታርቋችሁ ዝግጁ ናቸው። የምትጣሉበት ምክንያት ካጣችሁም አይጨነቁ፤ ባለቤትዎ የሚወዱት አውራ ዶሮ እንዳላቸው ሰምተናልና፣ እሳቸው በሌሉበት ቀን እኔና ማንአለሽ ምሳ ልንበላ እንመጣለን።